አልጠና ያለ ፔዳል፤ ስለ አሮጌው ቮልስዋገን ፍሬንና ከውስጡ ስለሚወጣው አየር

ፈሳሽ ነገር በዝግ ዕቃ ውስጥ ሳለ የሚደርስበትን ግፊት ሳያጓድል ወደ አቅጣጫው ሁሉ እንደሚያደርስ ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከገለጠ በኋላ፣ ይኸው ሕገ ተፈጥሮ አውቶሞቢልን ለማቆም ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት የበለጠ ዘመን አልፏል። በአራቱም ጎማዎች በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ተገጥሞለት ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የቤት አውቶሞቢል በ1921 በኤውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ዘመኑን የምቆጥረው በዚሁ ነው) አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ዱዘንበርግ ነበረ፤ በ1924 ክራይስለር ተከተለው፤ ፎርድ ግን በዘንግና በገመድ የሚሳበውን ፍሬን እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ አልለቀቀም። ወደ ኋላ የቀሩት ሰዎች ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ገመድ ሲላላ በዓይን ይታያል፣ ሲበጠስም በእጅ ይዳሰሳል፤ በቧንቧ ውስጥ የተዘጋው ፈሳሽ ግን አየር ገብቶበት እንደሆነ ከውጭ የሚያስታውቅ አንዳች ምልክት ስለሌለው፣ ሕፀፁን አስቀድሞ የሚያውቀው የነጂው እግር ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ በአገራችን ለመመርመር ከአሮጌው ቮልስዋገን የተሻለ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም። ይህ ክብ ጀርባ ያለው መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በሐምሌ ወር 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ሌላው ዓለም በአብዛኛው የበዓልና የሰልፍ ጌጥ ሲያደርገው፣ በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ግን ቮልስ ዛሬም ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ገበያ ውሎ ይመለሳል። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ዓይነት የፈሳሽ ፍሬን ያገኘው በ1950 ሲሆን፣ ርካሹ ዓይነት እስከ 1962 ድረስ በገመድ ሲቆም ኖሯል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የብዙዎቹ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ይኸውም ከአንዱ ዋና ሲሊንደር የሚነሣው ፈሳሽ ለአራቱም ጎማዎች ስለሚዳረስ፣ በአንዱ ጎማ በኩል ቢፈስ የአራቱም ኃይል አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ለፊትና ለኋላ የተለያየ መስመር ያለው ሲሊንደር የመጣው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንግዲህ በአንድ መስመር የሚቆም መኪና የያዘ ሰው ስለ ፍሬኑ ፈሳሽና ስለ ውስጡ አየር መጠንቀቁ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የራሱንና በመንገድ የሚተላለፈውን ሕዝብ ነፍስ የመጠበቅ ግዴታ ነው።

አየር በፍሬን መስመር ውስጥ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት መጠኑን ማሰብ ይበቃል። የአሮጌ ትንሽ መኪና ዋና ሲሊንደር በአንድ ሙሉ ርግጫ የሚገፋው ፈሳሽ ከሁለት የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው፤ ፈሳሹ በጠባዩ የማይጨመቅ ስለሆነ ይህች ጥቂት መጠን አራቱንም የፍሬን ሸራዎች ከታምቡሩ ጋር ለማጣበቅ ትበቃለች። አየር ግን በጽኑ ግፊት ሥር ወደ ኢምንት ስለሚሰበሰብ፣ በአንዱ ጥግ የተደበቀ አንድ ማንኪያ አየር የርግጫውን ግማሽ ይውጠዋል፤ ነጂውም ፔዳሉን ወደ ወለል ሲሰድ ለማቆም የሚገባውን ጉልበት አየር በመጭመቅ ይጨርሰዋል። ከዚህ የተነሣ ፔዳል በለሰለሰ ቁጥር አየር አለበት ብሎ መፍረድ በየጋራዡ የተለመደ ሆኗል፤ አየሩ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ወጥቶ፣ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ የፍሬን ዘይት ፈስሶ ፔዳሉ አሁንም አልጠና ሲል ግን ያ ፍርድ ምስክር ያልቀረበበት መሆኑ ይገለጣል። እኔ በዚህ ዳሰሳ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አየር ማውጣቱ በሥርዓት ተፈጽሞ ፔዳሉ ካልጠና፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአየር ስላልሆነ፣ ሌላ ፈሳሽ ከማፍሰስ በፊት ፔዳሉን ራሱን መጠየቅ ይቀድማል።

አስቀድሞ ግን ሥርዓቱ የትኛው እንደሆነ እንይ። መካኒኩ ክሪክ አስገብቶ፣ መኪናውን በእግረ ብረት ላይ አሳርፎ፣ በጀርባው ከኋላው የቀኝ ጎማ ሥር ይገባል፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና ከዋናው ሲሊንደር እጅግ የሚርቀው ይህ ጎማ ስለሆነ ሥራው ከዚያ ይጀምርና ወደ ኋላው ግራ፣ ወደ ፊቱ ቀኝ፣ በመጨረሻም ወደ ፊቱ ግራ ይዞራል። በትንሿ የአየር ማውጫ ብሎን ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ላስቲክ ቱቦ ሰክቶ ሌላውን ጫፉን ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጠልቀዋል። ከዚያ በኋላ ከላይ ከተቀመጠው ረዳት ጋር የሚደረገው ቃለ ምልልስ ነው። «ርገጥ» ይላል፤ ፔዳሉ ሲጫን «ያዝ» ብሎ ብሎኑን በሰባት ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር ይፈታዋል፤ ፈሳሹ ከነአረፋው በቱቦው ሲሮጥ «እንዳትለቅ» እያለ መልሶ ያጠብቀዋል፤ «ልቀቅ» የሚለው ቃል የሚመጣው ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። በመሪው ፊት የተቀመጠው ባለ መኪናው አዛውንት ሲሆኑ ቃሉ «ይርገጡ ጋሼ፣ ይያዙት፣ አሁን ይልቀቁት» ወደሚል አክብሮት ይለወጣል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ የተለቀቀ እንደሆነ የወጣው አየር በገባበት ይመለሳል፤ ርግጫው የችኮላ ከሆነ ደግሞ አንዱ አረፋ ወደ ሺህ ጥቃቅን አረፋዎች ተበትኖ በፈሳሹ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ለሰዓታት አይሰበሰብም። ከፊት ባለው ኮፈን ሥር፣ ስኮርታው አጠገብ የሚገኘው የፈሳሽ ዕቃ በመካከል ባዶ ሆኖ ከተገኘም የተደከመው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሥውር አደጋ አለ። ዋናው ሲሊንደር በዘወትር ግልጋሎቱ የሚመላለሰው በግማሽ መንገዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪው ግማሽ በዘመን ብዛት ዝገትና ዝቃጭ ይዞ ይቀመጣል። አየር ለማውጣት ሲባል ፔዳሉ እስከ ወለል ድረስ በተረገጠ ጊዜ የፒስተኑ ጎሚኒ ወደዚያ ሻካራ ስፍራ ገብቶ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ጧት ለስላሳ ብቻ የነበረው ፔዳል ማታ የሚሰምጥ ይሆናል፤ መካኒኩም ያላጠፋውን አጥፍተሃል ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፔዳሉ ሥር አንድ የእንጨት ቁራጭ አኑሮ ርግጫው ከዘወትሩ ወሰን እንዳያልፍ መከልከል። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ማየቴ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ፔዳሉ ምርመራ እንመለስ። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ፣ ወዲያው ደግሞ ሲረገጥ ከፍ ብሎና ጠንቶ የተገኘ እንደሆነ ነገሩ በመሠረቱ የአየር አይደለም፤ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው ስለ ቆሙ የመጀመሪያው ርግጫ ያን ክፍተት ሲሞላ ያልቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሸራዎቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ይደርስባቸዋል። በቮልስዋገን በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት የማስተካከያ ጥርሶች አሉ፤ በጥንቶቹ በታምቡሩ ቀዳዳ፣ በኋለኞቹ ከጀርባው ባለው ቆርቆሮ በኩል ካቻቢቴ አስገብቶ ጎማው እስኪይዝ ድረስ ማዞር፣ ከዚያም በነጻ እስኪዞር ድረስ ጥቂት ጥርስ መመለስ ነው። ይህ ማስተካከል ከአየር ማውጣት በፊት መሠራት ያለበት ሆኖ ሳለ በኋላ የሚታሰብ፣ ወይም ፈጽሞ የሚረሳ ነው። ስምንቱ ጥርሶች በትዕግሥት ከተስተካከሉ በኋላ ያለ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ የዳነ ፔዳል እጅግ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ተደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ እያለ ነገር ግን ከእግር በታች እየለመጠ ተመልሶ የሚገፋ ፔዳል ከሆነ አየርን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ይህን ጠባይ የሚወርሱ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውጪው ደኅና መስሎ ሳለ በግፊት ጊዜ ያብጥና ፈሳሹን በሆዱ ያስቀረዋል። ሁለተኛው በታምቡር መላጨት የሚመጣ ነው፤ ታምቡሩ በየጊዜው ተላጭቶ ሲሰፋ አዲሱ ሸራ ቅስቱ ስለሚጠብበት በመካከሉ ብቻ ይነካዋል፣ ሲረገጥም ብረቱ እየተለመጠ እንደ ገና ይመለሳል። ይህ ሸራ በራሱ ጊዜ በልቶ እስኪቀመጥ ድረስ፣ ወይም በታምቡሩ ልክ እስኪሞረድ ድረስ፣ በዓለም ያለው የፍሬን ዘይት ሁሉ ቢፈስበት አይድንም።

ሦስተኛው ዓይነት ፔዳል እግር ጸንቶ ሲያርፍበት በዝግታ የሚሰምጠው ነው። በዚህ ጊዜ አራቱም ጎማዎች በውስጣቸው፣ ከፔዳሉ ኋላ ያለው ወለልም ምንጣፉ ተገልጦ መመርመር አለበት፤ ከኋላ ታምቡር የሚወጣው እርጥበት የፍሬን ነው ወይስ የካምቢዮ ዘይት የሚል ጥርጥር ከመጣ አንዲት ጠብታ በብርጭቆ ውኃ ላይ መጣል ነው፤ የተለመደው የፍሬን ፈሳሽ በውኃው ይሟሟል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን ይንሳፈፋል። በውጭ የሚፈስ ከሌለ ፈሳሹ በዋናው ሲሊንደር ውስጥ በጎሚኒው ጎን እያለፈ ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው፤ መፍትሔውም መለወጥ እንጂ ማፍሰስ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ ድንጋይ ያህል የጠነከረና ብሎኑ ቢፈታም ጠብታ የማይለቅ ፔዳል ነው። ብሎኑ ራሱ በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ አውጥቶ በሽቦ መጥረግ ይበቃል። ካልሆነ ግን ዋናው ሲሊንደር ላይ ያለችው ትንሽ የመመለሻ ቀዳዳ መታየት አለባት፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ፈሳሹ ወደ ዕቃው የሚመለሰው በርሷ ስለሆነ፣ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ካልተመለሰ ተዘግታ ትቀራለች። ስለዚህ በቮልስዋገን በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ተደንግጓል፤ ይኸውም በፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዶ እንቅስቃሴ ሆኖ ይሰማል። ይህን ክፍተት ለፔዳሉ ከፍታ ሲሉ የሚያጠፉ ሰዎች ትልቅ ጥፋት ይሠራሉ፤ መኪናው በሄደ ቁጥር ፈሳሹ እየሞቀ ይሰፋል፣ መመለሻ ስላጣም ሸራዎቹን ይገፋቸዋል፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል።

ጥፋቱ በዚህም ምርመራ ካልተገለጠ አንድ ፈተና አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የምወደው እርሱን ነው። ቮልስዋገን ወደ አራቱ ጎማዎች የሚሄዱ አራት የላስቲክ ቱቦዎች ስላሉት፣ አፈ ዱልዱም በሆነ መቆንጠጫ አራቱንም ቀስ አድርጎ መቆንጠጥ ይቻላል፤ ቱቦዎቹ ያረጁ ከሆኑ ግን ለመቆንጠጥ ከመሞከር መለወጥ ይሻላል። አራቱም ተዘግተው ፔዳሉ ከላይ ከጠና ዋናው ሲሊንደርና የብረቱ ቧንቧ ነጻ ናቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እየፈቱ መርገጥ ነው፤ ፔዳሉን ያወረደው ቱቦ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ሕማሙ በየትኛው ጎማ እንዳለ ያለ ክርክር ይታወቃል። አራቱም ተዘግተው ፔዳሉ አሁንም ለስላሳ ከሆነ ግን ወደ ጎማዎቹ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ በቮልስዋገን ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ከፈሳሹ ዕቃ የሚመጣው ቧንቧ ዋናውን ሲሊንደር በሚገናኝበት ጎሚኒ ላይ ነው። ይህ ጎሚኒ ሲደርቅ ፈሳሽ ላያፈስ ይችላል፣ ፔዳሉ በተመለሰ ቁጥር ግን አየር ይስባል፤ እንዲህም ሆኖ የወጣው አየር በሌላ በር ይተካል። የፍሬን መብራት ማብሪያዎቹም በዚያው ዋና ሲሊንደር ላይ የተገጠሙ ናቸውና እነርሱን መመርመር አይረሳ። የፊት ዲስክ ባላቸው ደግሞ የቀኙና የግራው መያዣ ተለዋውጦ ተገጥሞ እንደሆነ ማየት ያሻል፤ ያን ጊዜ የአየር ማውጫው ብሎን ወደ ታች ስለሚዞር አየሩ ከላይ ተቀምጦ ፈሳሹ ብቻ ይወጣል።

ስለ አየር ማውጫ ዘዴዎች ብዙ ክርክር አለ። በሁለት ሰው የሚደረገው ከላይ የተነገረው ነው። ብሎኑን ፈትቶ ፈሳሹ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መተው ዝግተኛ ቢሆንም፣ በቮልስዋገን የፈሳሹ ዕቃ ከሲሊንደሩና ከጎማዎቹ ሁሉ በላይ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ አረፋም ስለማያስነሣ ከሁሉ በፊት እርሱን መሞከር ጥሩ ነው። በዕቃው ላይ የጎማ አየር ጭኖ ፈሳሹን ከላይ የሚገፋ መሣሪያም አለ፤ የቮልስዋገን መስተዋት ማጠቢያ ውኃውን የሚረጨው በስኮርታው አየር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ግፊቱ ግን ለመንዳት ከሚሞላው እንዲያንስ ግድ ነው። ከታች በኩል አየሩን የሚስበው ፓምፕ በውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ ሲመሰገን፣ በእኛ ደጋ ግን ያን ያህል አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስላለች የከባቢው አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳቢው ፓምፕ ደግሞ የሚሠራው በዚሁ ግፊት ስለሆነ ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ የሚሳበው አየርም በቱቦው ውስጥ አረፋ እየሠራ የማያልቅ አየር ያለ ያስመስላል።

ከዘዴው ይልቅ የሚያሳስበኝ የፈሳሹ ነገር ነው። በጥንት የጉሎ ዘይትና አልኮል ተቀላቅሎ የሚደረገው ቀርቶ ዛሬ የተለመደው ፈሳሽ፣ ጨው እርጥበት እንደሚስብ ሁሉ፣ ከአየር ውኃ ይስባል። ደረጃው ዶት 3 የተባለው አዲስ ፈሳሽ ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 የተባለው እስከ 230 ዲግሪ ሴልስዩስ ሳይፈላ እንዲቆይ የደረጃው ሕግ ሲጠይቅ፣ በመቶ 3.7 ያህል ውኃ ከገባበት በኋላ ግን የሚጠየቀው 140 እና 155 ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬኑን ይዞ ቢወርድ፣ ሸራውና ታምቡሩ ከመጋል አልፈው ፈሳሹን ያፈሉታል፤ የፈላው ውኃ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃልና ፔዳሉ ድንገት ወለል ይገባል። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ስለሚመለስ ፔዳሉ ይጠናል፤ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ወስዶ «አየር ገብቶበት ነበረ» ሲል መካኒኩ አየር ሳያገኝ ይቀራል፤ ፈሳሹ ሳይለወጥ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ቁልቁለትም ያው ይደገማል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ፈሳሹን ፈጽሞ መለወጥ ያሻል፤ ከተከፈተ ብዙ ወር የቆየ ጠርሙስም አይታመን። ማንኛውንም የሞተር ዘይት በቦታው መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል፤ ይህ የደረሰበት ሰው ጎሚኒውን ሁሉ ከመለወጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ውኃ ባይስብም ከሌላው ጋር አይደባለቅም፤ ጥቃቅን አረፋም በውስጡ ስለሚይዝ ለስላሳ ፔዳል ይተዋል።

በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ስላለው ሲሊንደር። ጥንታዊውን መኪና እንደ ተወለደ ማቆየት ይገባል የሚሉ ሰዎችን አሳብ አከብራለሁ፤ ለመቀመጫው፣ ለቀለሙና ለመብራቱ ቢሆን ከእነርሱ ጋር ነኝ። በፍሬን ላይ ግን አልስማማም። ሁለት መስመር ያለውን ዋና ሲሊንደር በጥንቱ ቮልስዋገን ላይ መግጠም የሚቻል ነው፤ ሁለት ክፍል ያለው የፈሳሽ ዕቃ፣ የፊቱን መስመር ከኋላው የሚለዩ ጥቂት የብረት ቧንቧዎች፣ የፔዳሉን ዘንግ እንደ ገና መለካት፣ ከዚያም ያን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማስቀመጥ ይጠይቃል። አዲሱ ሲሊንደር ከመገጠሙ በፊት በጠረጴዛ ላይ ፒስተኑን በዝግታ እየገፉ በፈሳሽ መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሁለቱ ፒስተኖች መካከል የሚቀረው አየር በጎማዎቹ በኩል በቀላሉ አይወጣም። ከተገጠመ በኋላም መኪናው ወደ መንገድ ሳይወጣ፣ በሜዳ ላይ በእግር መንገድ ፍጥነት፣ የእጅ ፍሬኑ በእጅ ተይዞ መሞከር አለበት፤ በሳምንቱም የፈሳሹ መጠን ቀንሶ እንደሆነ ኮፈኑ ተከፍቶ ይታያል።